ድምፅን በዓይን

ባለፈው ሳምንት ደብረ ታቦር ገበያ አጠገብ ስልኬን ላስጠግን ከገባሁበት ጠባብ ሱቅ ውስጥ የቀለጠ እርሳስ ሽታ ድንገት አፍንጫዬን ሲመታው፣ ሃያ ምናምን ዓመት ወደ ኋላ ሄጄ ከአባቴ የራዲዮ መጠገኛ ቤት፣ ሆድ ዕቃቸው ከተዘረገፈ ቴፖች መሀል ራሴን አገኘሁት።

አባባ የተበላሸ ራዲዮ ሲመጣላቸው ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጆሯቸውን ደቅነው፣ እንደ ሐኪም "እዚህ ጋ ነው የሚያመው" ይሉ ነበር፤ አይስቱም። አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ ግን ከገሳይ ከተማ አንድ ቄስ፣ አባባ ሁለቴ የጠገኑላቸውን ቴፕ ለሦስተኛ ጊዜ ተሸክመው መጡ።

"አሁንም ያፏጫል እኮ!"

"ኧረ አባ፣ ምንም አያፏጭም!" አሉ አባባ፣ ጆሯቸውን አስጠግተው።

ያፏጫል። እንደ ትንኝ የቀጠነ ፉጨት ለእኔ ወለል ብሎ ይሰማኛል። አባቴን በሰው ፊት ላሳጣቸው ግን አልሆነልኝም። ቄሱ ቴፑን ትተው፣ ቅር ብሏቸው ወጡ።

የፊዚክስ አስተማሪያችን፣ ድምፅ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ የምትለካ ቀላል መሣሪያ አሠራር አሳይተውን ነበር። አባባ በጆሯቸው ያልሰሙትን በዓይናቸው እንዲያዩት ብዬ፣ ከትርፍ ዕቃ ጣሳቸው ዳዮድና ኮንደንሰር የሚባሉ ጥቃቅን የራዲዮ ዕቃዎች፣ ከአንድ የሞተ ቴፕ ደግሞ መርፌ ያለባትን መለኪያ ለቅሜ ገጣጠምኳት። ድምፁ በተርገበገበ ቁጥር ኮንደንሰሩ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይጠጣና ይተፋል፤ ድምፁ ቀጥኖ ርግብግቡ ሲፈጥን መርፌዋ ከፍ ትላለች። መጀመሪያ ለእኔ ጩኸትም ለጎረቤት አህያም እኩል ቁጥር እየሰጠች ብታሳፍረኝም፣ ከትምህርት ቤት በተዋስኳቸው፣ ሲመቷቸው በታወቀ ልክ በሚርገበገቡ ሹካ መሰል ብረቶች ድምፅ እያስተያየሁ አስተካከልኳት።

ከቄሱ ቴፕ ጋር ሳገናኛት መርፌዋ ሽቅብ ተፈናጠረች። አባባ አፍጥጠው አዩዋት።

"ይሰማሻል?"

"አዎ፣ አባባ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከመጀመሪያው ቀን።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሳቸው ግን ረጅም ትንፋሽ ተንፍሰው "በይ ካውያውን አቀብይኝ" አሉ፤ እርሳስ ማቅለጫውን ብረት ሰጠኋቸው፤ ዓይናቸውን ከመርፌዋ ሳይነቅሉ አንዱን ዕቃ በሌላ እየለወጡ ቆይተው፣ በመጨረሻ መርፌዋ ቁልቁል ወደቀች።

"አሁንስ?"

"ጠፋ!"

ቄሱ ሲመለሱ አባባ ከወንበራቸው ተነሡ። "አባ፣ እውነቱ ከእርስዎ ጋር ነበር። ጆሮዬ ደክሟል፤ ከእንግዲህ የምሰማው በልጄ ነው።" እኔም እስከማገባ ድረስ አጠገባቸው ተቀምጬ ሰማሁላቸው።

ዛሬ አባባ የሉም፤ ቤቱም ልብስ መሸጫ ሆኗል። የስንቱን ድምፅ አክመው ለባለቤቱ መለሱ፤ የእሳቸውን ድምፅ ግን፣ በዚያ ሁሉ ቴፕ ተከበን ስንኖር፣ አንዳችን እንኳ በካሴት አልቀዳነውም።