ጋሽ ታደለ ያነሱት ስልክ

በዚህ ነገር ውስጥ ያለነው አራት ሰዎች ነን፤ ከመጀመሬ በፊት ላስተዋውቅ። አንደኛው እኔ ነኝ። ወርቁ እባላለሁ፤ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ላይ ኮምፒውተርና ፕሪንተር የምጠግንባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ሁለተኛዋ እናቴ አስካለ ናት፤ አሁን በሕይወት የለችም። ሦስተኛው መካኒሳ ውስጥ የመጀመሪያ ሥራዬን የሰጡኝ ጋሽ ታደለ ናቸው፤ እሳቸውም አርፈዋል። አራተኛዋ ልጄ ቤዛ ናት። ነገሩ ሲሆን ገና አልተወለደችም፤ ይህን እንድጽፍ ያደረገችኝ ግን እሷ ናት።

ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አንድ ፕሪንተር ፈትቼ እየጠረግሁ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ቁጥሩ የውጭ ነው። አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ ሰላም ብላኝ ከፖላንድ እንደምትደውል ነገረችኝ። ቤዛ ወርቁ የምትባል ልጅ በድርጅታቸው የአይቲ ድጋፍ ሠራተኛ ሆና ለመቀጠር አመልክታለች፤ አሠሪዬ ብላ ያስመዘገበችው እኔን ነው፤ ስለዚህ ጥቂት ጥያቄ ልትጠይቀኝ ትፈልጋለች።

ቤዛ ስለ ፖላንድ አንዲት ቃል ነግራኝ አታውቅም። በዚያው ቀን ጠዋት እኮ ከአንድ ሳህን ፍርፍር በልተናል። ደሜ ፈላ። "ተሳስተሻል፤ እንዲህ ያለ ነገር የለም" ልል አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ይህን ቃል ከዚህ በፊት አውቀዋለሁ። "አንድ ደቂቃ ጠብቂኝ" ብዬ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። በዚያች ደቂቃ የመጣብኝን ነው የምጽፈው።

ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። አባቴ ሲሞት ትምህርቴን ከዘጠነኛ ክፍል አቋርጫለሁ። ኮምፒውተር የተማርኩት ሽፋን ከሌለውና የመጀመሪያዎቹ አርባ ገጾች ከተገነጠሉበት ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው። መዝገበ ቃላት በግራ፣ መጽሐፉ በቀኝ። መጀመሪያው ስለሌለ ኮምፒውተር እንዴት እንደሚበራ ሳላውቅ እንዴት እንደሚጠገን አወቅሁ። ዛሬ ልጆች ሁሉም ነገር ስልካቸው ውስጥ ተቀምጦላቸው ለመማር ሲሰንፉ ሳይ ይህን እነግራቸዋለሁ። ቤዛ "ጀመረህ ደግሞ" ትለኛለች። ልክ ናት፣ አበዛዋለሁ፤ ግን እውነት ነው።

ጋሽ ታደለ ድሮ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኝ ነበሩ። ዘመኑ ሲዞር አብረው ዞሩና ኮምፒውተር መጠገን ጀመሩ፤ ዓይናቸው ስለደከመ ደግሞ የእኔን ዓይን ቀጠሩ። ሱቃቸው መካኒሳ፣ ከቤተክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ነበር። ጥግ ላይ ከእንጨት በተሠራ ሣጥን ውስጥ የተቆለፈ ስልክ ነበራቸው። እጀታው ከላይ ስለሆነ ለሚደውል ሰው መመለስ ይቻላል፤ ለመደወል ግን ሣጥኑ መከፈት አለበት። ቁልፉ ደግሞ ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ ነበር። ያኔ ሞባይል የሀብታም ነው።

የዱባዩን ሥራ ያገኘሁት በደቂቃ ከሚከፈልበት ኢንተርኔት ቤት ነው። አንድ ትልቅ ሆቴል የእንግዳ ኢንተርኔት እምቢ ሲል፣ የፀሐፊ ፕሪንተር ሲያስቸግር የሚጠራ ሰው ይፈልጋል። ጻፍኩላቸው። በሦስተኛው ሳምንት አንድ የሕንድ ሰው በኢንተርኔት ቤቱ ስልክ ደውሎ ፈተነኝ። "ኮምፒውተሩ አልበራም ቢሉህ መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?" አለኝ። "መጀመሪያ ሶኬቱን አያለሁ" አልኩት። ሳቀ። እስካሁን ከጠየቃቸው ሰዎች ሁሉ ይህን ያልኩት እኔ ብቻ እንደሆንኩ ነገረኝ። ከዚያ በኋላ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አሠሪዬን በስልክ ማነጋገር።

እዚህ ላይ የእኛን አገር ልማድ ማንሳት አለብኝ። እኛ ወደ ውጭ ስንሄድ አንናገርም። እኔ በምኖርበት ብሎክ ሦስተኛ ፎቅ የነበሩ ባልና ሚስት መሄዳቸውን ያወቅነው ሶፋቸው ለሽያጭ ሲወርድ ነው። ምቀኛ ይሰማል፣ ዓይን ይገባበታል፣ ነገሩ ይበላሻል ብለን እንፈራለን። እናቴ በዚህ ነገር ጽኑ ነበረች።

"ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው" አለችኝ። "አውሮፕላኑ ላይ እስክትወጣ ለማንም እንዳትተነፍስ።"

"ለጋሽ ታደለስ? እንደ አባቴ እኮ ናቸው፣ እማዬ።"

"አባትህ ቢኖርም አልነግረውም ነበር!"

እኔም ታዘዝኩ። እውነቱን ለመናገር መታዘዝ ብቻ አልነበረም፤ ዓይናቸው የእኔ ዓይን ስለሆነ ጋሽ ታደለ አይለቁኝም ብዬ ፈርቻለሁ። ስለዚህ አንድ መላ ዘየድኩ። የሱቁን ስልክ ቁጥር እሰጣለሁ፤ ስልኩ አጠገብ የምቀመጠው እኔ ነኝ፤ ሲደወል ድምፄን አጎርንኜ ታደለ ነኝ እላለሁ። ሳላቸውን ሳይቀር ተለማመድኩ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ። ግን የራሴን ጥፋት ከዘለልኩ ስለ ሌላው ሰው ጥፋት ለመጻፍ ምን መብት አለኝ?

ወሩ ነሐሴ ነበር፤ ፍልሰታ። ዝናቡ ከጠዋት እስከ ማታ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ሁለት ቀን ሙሉ ለምሳ እንኳ ከስልኩ አጠገብ አልተነሳሁም። ጋሽ ታደለ "ምነው፣ ወንበሩ ላይ በቀልክ እንዴ?" እያሉ ይቀልዱብኛል። በሦስተኛው ቀን ነፋስ ስልክ ካለ አንድ የዱቄት ፋብሪካ መልእክት መጣ። ኮምፒውተራቸው ጠፍቶ አልነሳ ብሏል፤ የሠራተኛው ደሞዝ የሚሠራው በእሱ ነው።

"ነገ ብሄድስ፣ ጋሼ?"

"ነገ ደሞዝ ነው ይሉሃል! አንተ ደሞዝህ ቢዘገይ ትወዳለህ? ሂድ ባክህ።"

ሄድኩ። ታክሲው ከዋናው መንገድ ጥሎኝ ተመለሰ፤ የቀረውን ጭቃውን እየለየሁ በእግሬ ነው የሄድኩት። ፋብሪካው በር ላይ አንዲት ሴት ላስቲክ ወጥራ በቆሎ ትጠብሳለች፤ ጢሱና የዝናቡ ሽታ ተቀላቅሏል። እኔ ግን እንኳን ልበላ ለመቆምም አልፈለግሁም። ኮምፒውተሩን ስከፍተው ዱቄቱ በእርጥበት እንደ ሊጥ ሆኖ ማቀዝቀዣውን አንቆታል። በቀለም መቀቢያ ብሩሽ ጠርጌ፣ አድርቄ፣ አስነሳሁት። የሒሳብ ሹሟ መረቀችኝ። ምርቃቱን አልሰማሁትም፤ ጆሮዬ መካኒሳ ነበር።

ስመለስ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል። ጋሽ ታደለ ከቤት የመጣላቸውን የሱፍ ፍትፍት ግማሹን በልተው ግማሹን ከድነው ይጠብቁኛል። ፊታቸው በርቷል።

"ና፣ ና ተቀመጥ። ዛሬ ከሌባ አስጣልኩህ!"

"ከምን ሌባ?"

"ከዱባይ ተደወለ። ወርቁ የሚባል ሠራተኛህ እኛ ዘንድ ሊቀጠር ነው፣ ምን ዓይነት ሰው ነው ይለኛል ሰውዬው። ሳቄ መጣ። 'ጌታዬ፣ ተሸውደሃል' አልኩት። 'የኔ ወርቁ የትም አይሄድም፤ ቢሄድ መጀመሪያ የሚነግረው ለእኔ ነው። አንዱ ወሮበላ ስሙን ሰርቆ ነው' አልኩት። ሦስት ጊዜ አመሰገነኝ እኮ! በል እንካ፣ ሳይደርቅ።"

ጠቅልለው አጎረሱኝ። አፌ በጉርሻ እንደ ሞላ እንባዬ መጣ።

"ምነው፣ ቃሪያ ነው?"

እንደ ምንም ዋጥኩት። "እኔ ነበርኩ፣ ጋሼ።"

"የቱ?"

"ዱባይ የጻፍኩት። ሌባ የለም።"

እጃቸው ሳህኑ ላይ ቆመ። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል። "ታዲያ ምነው ሳትነግረኝ?" አሉ።

"ይከለክሉኛል ብዬ።"

"እኔ?"

የሰው ስድብ ሰምቻለሁ፤ ዱላም ቀምሻለሁ፤ እንደዚያች "እኔ" ያለ ግን የመታኝ የለም። ከዚያ ተነስተው እጃቸውን ታጠቡ፤ ከአንገታቸው ቁልፉን አወጡና ሣጥኑን ከፈቱ።

"ቁጥሩን አምጣ።"

በመጀመሪያው ጥሪ ሰውዬውን ሲፈልጉ ቆይተው መስመሩ ተቆረጠ። በሁለተኛው ስብሰባ ላይ ነው ተባለ። በሦስተኛው ተገኘ። የጋሽ ታደለ እንግሊዝኛ ከሬዲዮ መጠገኛ መጻሕፍት የተለቀመ ነበር፤ ቢሆንም ያሉት ሁሉ ገብቶኛል። ልጁ ጥሩ ልጅ ነው አሉ። "የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ እንዳይሄድብኝ ብዬ ነው፤ ክፉ ሰው እኔ ነኝ" አሉ። ጋሽ ታደለ ሲዋሹ የሰማኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። እሱንም ለእኔ ብለው ነው።

ሰውዬው በትሕትና አዳመጣቸው። ከዚያም ጠዋት አንድ፣ ማታ ሌላ የሚናገር አሠሪን ምስክርነት ለመቀበል እንደማይችል፣ ቦታውም ለሌላ ሰው እንደተሰጠ ነገራቸው። በእውነቱ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እንዲሁ ነበር የማደርገው።

ጋሽ ታደለ ሣጥኑን መልሰው ቆለፉ። "ዓለም ዱባይ ብቻ አይደለችም" አሉ። "ሌላ ፈልግ። ደብዳቤውን እኔ ራሴ እጽፍልሃለሁ።"

ይህን የሚል ሰው እግሩ ላይ መውደቅ ነበረብኝ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊታቸውን ማየት አቃተኝ። ሀፍረት ቶሎ ካልተናዘዙት ወደ ጥላቻ ይቀየራል፤ ይህን የትም መጽሐፍ ላይ አላነበብኩትም፣ ከራሴ ነው የተማርኩት። ሁለት ወር ሳይሞላ ራሴን ልቻል ብዬ ለቀቅሁና ነፋስ ስልክ አንዲት ጥግ ተከራየሁ። መካኒሳ ጉዳይ ሲኖረኝ በላይኛው መንገድ እዞር ነበር። ዘጠኝ ዓመት ዞርኩ።

ለእናቴም እውነቱን አልነገርኳትም። "ተበላሸ" አልኳት ብቻ። እሷ የጎረቤታችን ዓይን ነው ብላ አመነች፤ ያቺ ምንም የማታውቅ ሴት እናቴ እስክትሞት ሰላምታ ተነፍጋ ኖረች። አንድ ቃል ብናገር ያበቃ ነበር።

ወደ ጋሽ ታደለ ቤት የተመለስኩት ለለቅሶ ነው። ድንኳኑ ሲነሳ ባለቤታቸው ጠርተው አንድ የታጠፈ ወረቀት ሰጡኝ። ስልኩ ሣጥን ውስጥ ነበር አሉኝ። ለሚመለከተው ሁሉ ይላል፤ የሱቁ ማህተም አለበት፤ የተጻፈበት ቀን ከዱባይ በተደወለ ማግስት ነው። ሥራዬን ዘርዝረው ሲያበቁ "ታማኝ ነው" ብለው ደምድመዋል። እስኪ ስለ እኔ እንዲህ ብለው የጻፉት ምን ቀን እንደነበር አስቡት።

እናቴን አልወቅሳትም። ምቀኛ የለም አልልም፤ አለ። ግን በምቀኛ ላይ የዘጋነው በር ወዳጅንም ውጭ ያስቀረዋል። እኔ ማንን ውጭ እንዳስቀረሁ ሳላይ ነው የዘጋሁት።

ደቂቃዋ አለቀች። ስልኩን አነሳሁ።

"ቤዛ ሦስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ዘንድ ሠርታለች" አልኳት ሴትዮዋን። "ሥራዋ ጥሩ ነው። ደግሞ አባቷ ነኝ። ይህን ካልነገርኩሽ ምስክርነቴ ሐሰት ይሆናል።"

"ድክመቷስ?" ብላ ጠየቀችኝ።

"የጀመረችውን ሳትጨርስ ምሳ አትበላም። ችግሯን ደግሞ ለሰው አትናገርም። እሱ የእሷ ጥፋት አይደለም፤ ከእኔ ነው የወረሰችው።"

ማታ ቤዛ ከሰኞ እስከ አርብ ከምትሠራበት መሥሪያ ቤት ስትገባ እራት ቀርቦ ነበር። ነገርኳት። ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"አባቷ ነኝ አልካት?! አባዬ፣ በቃ አበላሸኸው!"

"ታዲያ ማን ነኝ ልበላት?"

"አሠሪዋ ነኝ በቃ! ውሸት አይደለም እኮ!"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ትከለክለኛለህ ብዬ ነዋ።"

"እኔ?" አልኩ።

ድምፁ የእኔ አልነበረም። የጋሽ ታደለ ነበር። ያኔ ብቻ ነው ያቺ ቃል ለተናገራት ሰው ምን ያህል እንደምትከብድ ያወቅሁት። ለልጄ ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ ነገርኳት፤ የድምፄን ማጎርነን፣ ሳሉን፣ ዘጠኙን ዓመት። እየተናገርኩ ሽሮው ቀዘቀዘ። ስጨርስ "ሳሉን እስኪ ሳለው" አለችኝ። ሳልኩት። ሳቀች፤ ከዚያ አለቀሰች።

ሐሙስ ዕለት ፖላንዶቹ ዘመድ ያልሆነ ሌላ ምስክር እንድታመጣ ጻፉላት። በማግስቱ ሄዳ ዕቅዷን ለሥራ አለቃዋ በራሷ አፍ ነገረቻት። አለቃዋ ተቆጣች፣ ቀጥሎ ምስክር ልትሆናት እሺ አለች። የፖላንዶቹ መልስ ገና አልመጣም። ቢመጣም ባይመጣም፣ እስካሁን የወጣብንን ልደምረው። ጋሽ ታደለን ሦስቱ ጥሪዎች ሁለት መቶ ሰማንያ ስድስት ብር አስወጥተዋቸዋል፤ ባለቤታቸው እንደነገሩኝ። ያኔ የወር ደሞዜ ሁለት መቶ ሃምሳ ነበር። ዝምታችን እናቴን ጎረቤቷን አሳጥቷታል። እኔን አንድ ሥራና እንደ አባት የሆነኝን ሰው። ቤዛን ግን እስካሁን አንድ የቀዘቀዘ እራት ብቻ።