የሚስቴ ደጋን

ኅዳር ነው፣ በጃንሆይ ጊዜ። የክረምቱ ውኃ ከፎገራ ሜዳ ገና ጨርሶ አልሸሸም። ሁለት ላሞቼ ረግረግ ገብተውብኝ ስጎትት ውዬ፣ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ሆኜ ቤቴ ደረስሁ።

ሚስቴ አንጓች ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ጥጥ ትነድፋለች። የደጋኑን ጅማት ጥጡ ውስጥ እያስገባች ታስጮኸዋለች፤ ጥጡ እየተፍታታ እንደ አረፋ ይነሣል። እሳት አልነደደም። የሚቀመስ ነገር የለም።

«ምሳዬስ?» አልኋት።

«ይችን ልጨርስና...»

አላስጨረስኋትም። ደጋኑን ከእጇ ነጥቄ ጀርባዋን መታኋት። አንዴ ብቻ ነው እያልሁ ብዙ ዓመት ራሴን ሳጽናና ኖሬያለሁ... አንዴ የሆነው ግን ደጋኑ መሐሉ ላይ ስለተሰበረ ነው።

አላለቀሰችም፣ አልተሳደበችም። ነጠላዋን ደርባ ሐሙሲት አጠገብ ወዳለው አባቷ ቤት ሄደች። ያ ጥጥ ለእኔ ጋቢ እንደነበር የሰማሁት በማግስቱ ከጎረቤት ነው።

ሦስት ሳምንት ሲሆናት ሽማግሌ ላክሁ። ያኔ ባል ሚስቱን መታ ቢባል ማንም ከመቀመጫው አይነሣም፤ ዛሬ ስጽፈው ያሳፍረኛል። ስለ ጀርባዋ የጠየቀ የለም። ስለ ደጋኑ ግን ረዥም ክርክር ተደረገ፣ ከእናቷ የወረደ ዕቃ ነበርና። ሽማግሎቹ ይዘውልኝ የመጡት መልስ ይኸው ነው፤

«ደጋኑን ይተካ። ግን ገዝቶ እንዳይሆን፣ በእጁ ሠርቶ ያምጣ ብላለች።»

እኔ ከብት እንጅ እንጨት አላውቅም። ወረታ ከተማ ውስጥ አያ ፈንታ የሚባሉ ደጋን ሠሪ ሽማግሌ ነበሩ፤ እሳቸው ዘንድ ሄጄ ጉዳዬን ሳልደብቅ ነገርኋቸው። አዳመጡኝና የክትክታ እንጨት መርጠው ሰጡኝ። በእሳት እያሞቁ እንዴት እንደሚጎበጥም አሳዩኝ። ከዚያ ሁለት ነገር ፊቴ አስቀመጡ፤ አንድ ካራ፣ አንድ የጠርሙስ ስባሪ።

«በየትኛው ትፍቀዋለህ?»

«የትኛው ይሻላል፣ አያ?»

«ካራ ቶሎ ያደርስሃል። ግን ላሳሳው ካልህ ይቦጭቅብሃል፤ እና ወፍራም ላይ ታቆማለህ። ጠርሙስ እንደ ዱቄት እያደረገ ነው የሚያነሣ። ቀኑን ይፈጅብሃል... የፈለግኸውን ያህል ግን ያቀጥንልሃል።»

ካራውን አነሣሁ። ሰነፍ ነበርሁ፣ አልክድም። ግን ስንፍና ብቻ አልነበረም። ወፍራም ደጋን ነው የፈለግሁት፤ እንዲህ ያለ የማይሰበር ነገር ይዤ ብሄድ ከልቤ መጸጸቴን ታውቅልኛለች ብዬ ነው። አያ ፈንታ የመረጥሁትን አይተው ጠርሙሱን መልሰው አነሡት። ሠርቼ ስጨርስ ጅማቱን ወጥረው ሰጡኝ።

እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ አማቶቼ ግቢ ደረስሁ። አባቷና ሽማግሎቹ ተቀምጠዋል። ደጋኔ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ።

«እሰየው፣ ይኸስ ደጋን ነው!» አሉ አንደኛው።

አንጓች ተጠርታ ወጣች። አላየችኝም። ደጋኑን ተቀብላ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተጫነችው። ንቅንቅ አላለም። እኔ ደግሞ ደስ ብሎኝ አፌን ከፈትሁ፤

«ይኸስ ዕድሜ ልክሽን አይሰበርም።»

ቀና ብላ አየችኝ... ከዚያ ደጋኑን መሬት ላይ አስቀምጣ ወደ ጓዳ ገባች። ተቀየመች ብዬ ደነገጥሁ። ስትመለስ በጨርቅ የያዘችው ነገር ነበር፤ የአረቄ ጠርሙስ ስባሪ። ፊቴ አኖረችው።

«ይቅጠን» አለች።

አባቷ ግራ ገባቸው። «ምነው ልጄ፣ ጠንካራው አይሻልሽም?»

«የእናቴ ደጋን ቀጭን ሁኖ ነው የተሰበረ፣ አባባ። ያን ለት ይኸኛው ቢሆን ኖሮ የምሰበረው እኔ ነበርሁ።»

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ስለ እህል ዋጋ የምታወራ ነው የምትመስል። ሽማግሎቹ መሬት መሬት አዩ። አባቷ ልጃቸውን ያን ጊዜ ገና ያዩዋት ይመስል ትክ ብለው ተመለከቷት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ፋቅ» አሉኝ።

ፋቅሁ። ጠርሙሱ እውነትም እንደ ዱቄት ነው የሚያነሣው። ጣቴን ቆረጠኝ፣ በጨርቅ አስሬ ቀጠልሁ። ትንሽ ስፍቅ «ይበቃል?» እላለሁ፤ አንጓች ጉልበቷ ላይ ትጫነውና «ትንሽ» ትላለች። መልሼ እፍቃለሁ። «አሁንስ?» «ትንሽ።» ተነሥቶ የሚሄድ ሽማግሌ እንኳ የለም፣ ሁሉም ተቀምጠው ያዩኛል። እንዲያ ያፈርሁበት ቀን የለኝም። ይኸን ያህል መቅጠን ያስፈለገው ይኸን ክንድ ፈርታ ነው ወይ ብዬ፣ ደጋኑን ሳይሆን ክንዴን አየሁት።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ለመጨረሻ ጊዜ ተጫነችው። ደጋኑ እጥፍ አለላት።

«በቃ» አለች። ጓዟን ልትሸክፍ ገባች።

ከዚያ ወዲህ እጄን አንሥቼባት አላውቅም። ሰባት ልጆች ወለድን፣ አብረን አረጀን፣ እኔው በእጄ ቀበርኋት። ያመነችው እኔን ይሁን የደጋኑን ቅጥነት ግን... እስክትሞት ድረስ ደፍሬ አልጠየቅኋትም።