ማዘርቦርዴን ያስፈተኑልኝ የኮረሪማ ነጋዴ

ነገሩ የሆነው የዛሬ ሁለት ዓመት ኅዳር ላይ ነው፤ እዚህ ሚዛን ከተማ የቡና ለቀማው ደርቶ፣ ሱቅ የሚገባው ሰው ሁሉ እጁ በቡና እሸት በተጣበቀበት ሰሞን። እኔ ብዙ ነገር የምረሳ ሰው ነኝ፤ የደንበኛ ቀጠሮ እንኳ ስልኬ ካላስታወሰኝ ያመልጠኛል። ይህ ግን ከልቤ አልወጣም። ከዚያ በፊት አይቻቸው የማላውቃቸው ሴት፣ ያውም እኔ በስልክ እየተነጫነጭኩባቸው፣ ሱቄን ከመዘጋት አትርፈውልኛል።

ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ትንሽ ፎቶ ቤት አለችኝ። ጉርድ ፎቶ አነሳለሁ፣ ላሚኔት አደርጋለሁ፤ ዋናው እንጀራዬ ግን የሠርግ ቪዲዮ ነው። የኮምፒውተር ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ቪዲዮ እያየሁ፣ እየነካካሁ፣ ያበላሸሁትን መልሼ እያስተካከልኩ ነው የለመድኩት።

የዚያን ዓመት ጥቅምት ላፕቶፔ አረፈች። ሸዋ ቤንች የቀረጽኩትን አንድ ሠርግ እያቀናበርኩባት ሳለ ጋለች፣ ጮኸች፣ ጠፋች፤ በዚያው ቀረች። እኔ ደግሞ ለጥር ሦስት ሠርግ ተቀብያለሁ። ቡናው ተሸጦ፣ ጾሙ ተፈቶ ሰው የሚዳረው ያኔ ነው። ጥር ያለ ኮምፒውተር ካገኘኝ ሙሽሮቹ ከጅማ ሰው ያስመጣሉ፤ አንዴ ከጅማ ማስመጣት ከለመዱ ደግሞ ወደ እኔ የሚመለስ የለም። ሱቋን ዘግቼ ቁጭ ማለቴ ነው።

ዕቁቤ ወጥቶልኝ ስለነበር ዴስክቶፕ በራሴ እጅ ልገጣጥም ቆረጥኩ። በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። የኮምፒውተሩን አንጎል፣ ፕሮሰሰሩን፣ ከአንድ ዘመዴ አገኘሁ፤ ፍጥነቱ ያልተቆለፈ ከሚባለው ዓይነት ነው። እንዲህ ዓይነቱን ፕሮሰሰር ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ ማስኬድ ይቻላል። ኦቨርክሎክ ማድረግ ይሉታል። ስለዚህ ነገር ያላየሁት ቪዲዮ አልነበረም። ከዚያው ዕቃ ተጨማሪ ጉልበት በነፃ ይገኛል ሲሉ እንቅልፍ ነሣኝ ማለት ይቻላል።

ከጎኔ ጨርቅ የምትሸጠው ሙና በሳቅ ገደለችኝ። «ፋብሪካው ያልቻለውን አንቺ ሚዛን ላይ ቁጭ ብለሽ ልትችዪ ነው?» አለችኝ። «ፋብሪካው ፈርቶ ነው እንጂ ይችላል» አልኳት። «አንቺስ መቼ ነው የምትፈሪው?» አለች።

የቀረኝ ማዘርቦርዱ ነበር፤ ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ትልቁ ሰሌዳ። አንድ የአዲስ አበባ ባለሱቅ በቴሌግራም የሁለት ማዘርቦርድ ፎቶ ላከልኝ። አንዱ ጥቁር፣ ድፍን፣ ወፍራም ብረት የተለጠፈበት፣ ውበት የሚባል ያልፈጠረበት ነው። ሌላው ቀይ መብራት ዙሪያውን የሚሮጥበት፣ ሳጥኑ ላይ ዘንዶ የተሳለበት። ኦቨርክሎክ ይሆናል ወይ ብዬ ጠየቅኩት፤ ይሆናል አለኝ። ፕሮሰሰርሽ የትኛው ነው ብሎ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም። ቀዩ ላይ ዓይኔ አረፈ። ሱቄ መስኮት አጠገብ ሲበራ ደንበኛ ሲጠራልኝ ታየኝ። ብሩን በዚያው ቀን አስገባሁለት።

እዚህ እኛ አገር ከአዲስ አበባ የሚሰበር ዕቃ በሰው እጅ ነው የምናስመጣው። የሚሄድ ሰው ይጠየቃል፣ አደራ ይባላል፣ ዕቃው ጭን ላይ ተቀምጦ ይመጣል። ሙና ኮረሪማና ማር ይዘው የሚመላለሱ አንድ ነጋዴ እንደምታውቅ ነገረችኝና መናኸሪያ ወስዳ አገናኘችኝ። እትዬ አስካለ ይባላሉ። የቤንች ሰው ናቸው፤ አማርኛውን ረጋ አድርገው ነው የሚናገሩት፣ ሒሳብ ሲያስቡ ግን በቤንችኛ ነው።

ፕሮሰሰሩንም በጥጥ ጠቅልዬ በቆርቆሮ ዕቃ አድርጌ ሰጠኋቸው። ማዘርቦርዱ ላይ ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት ቦታ ፀጉር የሚያካክሉ እሾሆች አሉት፤ አንዱ ከተጣመመ አለቀ። እኔ ደግሞ እጄን አላመንኩትም፤ ባለሱቁ እዚያው አስቀምጦ እንዲልክልኝ ፈለግሁ።

እሳቸው ቆርቆሮዋን ገለጥ አድርገው አዩና ምን እንደሚሠራ ጠየቁኝ። እኔ ወሬ ስጀምር ማቆሚያ የለኝም፤ አውቶቡሱ ጥሩንባ እየነፋ ነገርኳቸው። ይህ ከተወሰነለት በላይ እንዲሮጥ ነው የምፈልገው፣ ጥር ላይ ሦስት ሠርግ አለብኝ፣ እሱ ካልሮጠ እኔ የለሁም አልኩ። እሳቸው «እሺ፣ ይሮጣል» ብለው ተሳፈሩ። ለወጉ ያሉኝ መስሎኝ ነበር።

በሚመለሱበት ዋዜማ ከሰዓት ስልኬ ጮኸ።

«ልጄ፣ ይሄ ዕቃሽ እምቢ ብሏል። አልይዘውም።»

«እንዴት እምቢ አለ? አልበራም?»

«መብራቱማ በርቷል፤ እንደ ሙሽራ ቤት ነው የሚንቦገቦገው። አልሮጥ አለ እንጂ።»

ለካ እትዬ አስካለ ኮረሪማ ሲገዙ ጆንያውን ከላይ አይተው አይወስዱም። መሬት ላይ ያስዘረግፉታል፣ ከታች ያለውን በእጃቸው ያገላብጣሉ፣ አንዱን ፈልፍለው ያሸታሉ። ያልተዘረገፈ ዕቃ አውቶቡስ ላይ አይወጣላቸውም። የእኔንም እንደዚያው አደረጉት። ባለሱቁ ፕሮሰሰሩን አስቀምጦ ሳጥኑን ሊያሽግ ሲል እጁን ያዙት። አብራው አሉት፤ አበራ። አሁን አስሩጠው አሉት። የውስጥ ማስተካከያውን ከፍቶ ፍጥነቱን ከፍ ሊያደርግ ቢሞክር ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም። ቢል ቢል ያው ነው።

እኔ ይህን ሁሉ ስሰማ የመጣልኝ ንዴት ነው። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ የማምነው ሌላ ሰው መቼ እንደማገኝ አላውቅም፤ ጥር ደግሞ ቆሞ አይጠብቀኝም። «እትዬ አስካለ፣ እባክዎ ዝም ብለው ያምጡልኝ፤ እኔ እዚህ አስተካክለዋለሁ» አልኳቸው። ድምፄ ከፍ ማለቱን ያወቅኩት ሙና ከጎን ሱቅ ብቅ ስትል ነው።

«ተቆጪ፣ ግድ የለም» አሉኝ። «ሚዛን ከደረሰ በኋላ ግን ብትቆጪም አይመለስም። ባለሱቁን ላገናኝሽ።»

ባለሱቁ ደንገጥ ብሏል። ያንን ቀይ ማዘርቦርድ የሠራው ፋብሪካ ፕሮሰሰሩን ከልኩ በላይ ማስኬጃውን እንደዘጋው፣ ፕሮሰሰሩ ያልተቆለፈ ቢሆንም ሰሌዳው ካልፈቀደለት ምንም እንደማይሆን አስረዳኝ። ፕሮሰሰርሽ የትኛው እንደሆነ አስቀድሜ ልጠይቅሽ ይገባኝ ነበር አለ። ያ ውበት የሌለው ጥቁሩ ነው የሚፈቅደው። ወፍራሙ ብረት ኃይል የሚያከፋፍሉት ክፍሎች እንዳይግሉ ነው፤ እኔ እንዲያስጠላ የለጠፉበት መስሎኝ ነበር። እስኪ እግዜር ያሳያችሁ፣ ያን ሁሉ ቪዲዮ አይቼ መብራት መረጥኩ።

የደንበኛ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። የተሸጠ ዕቃ አይመለስም የሚል ጽሑፍ የሌለበት ሱቅ የለም። ስልኩ አልተዘጋም ነበርና የእትዬ አስካለ ድምፅ ይሰማኛል። አይቆጡም፣ አይለማመጡም። «ከደጅህ አልወጣም እኮ፤ ምኑን ተሸጠ?» ይሉታል። «ልጅቷ ሦስት ሙሽራ አለባት፤ አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» ይሉታል። ባለሱቁ ሲስቅ ሰማሁ። ለዕይታ ተከፍቶ የነበረ፣ ሳጥኑ የተቀደደ ጥቁር ማዘርቦርድ እንዳለው ነገረኝ፤ በከፈልኩት ዋጋ ሊለውጥልኝ ተስማማ።

እዚያ ላይ የሚያበቃ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን እሱንም አብራው አሉት።

ሱቆች ሊዘጉ ሲሉ መልሰው ደወሉ። «ሮጠ» አሉኝ። «ቁጥሩ ሲወጣ በዓይኔ አየሁት። ወዲያው ይደክም እንደሆነ ብዬ ሻይ አስመጥቼ ተቀምጬ ጠበቅኩት፤ አልደከመም።»

በማግስቱ መናኸሪያ ጠበቅኳቸው። ሳጥኑን በጋቢያቸው ጠቅልለው ያን ሁሉ መንገድ ጭናቸው ላይ አድርገውት ነው የመጡት። የድካማቸውን ልስጥ ብል እጄን አጥፈው መለሱልኝ። ከአውቶቡሱ የወረደላቸው ሌላ ጓዝ እንዳልነበረ እኔ ልብ አላልኩም።

ልብ ያለችው ሙና ናት። እትዬ አስካለ ሁልጊዜ ሲመለሱ ለገበያ ቀን የሚሸጡት ጫማና የፕላስቲክ ዕቃ ጭነው እንደሚመጡ ነገረችኝ። የሚገዙት ደግሞ በመጨረሻዋ ከሰዓት ነው። ያቺ ከሰዓታቸው የእኔን ማዘርቦርድ ሲጠብቁ አለቀች።

በገበያው ቀን ሄድኩ። ላስቲካቸው ላይ የተረፈች ኮረሪማ ብቻ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ገበያ አስቀረሁብዎት አልኩ።

«ገበያ በሳምንቱ ይመጣል» አሉኝ። «ያንቺ ጥር ግን የዘንድሮው አንድ ነው። ይልቅ ሠራሽው?»

ሠራሁት። ሲበራ ጮኼ ሙናን ጠራሁ። ፍጥነቱን ቪዲዮ ላይ እንዳየሁት ያህል አላናርኩትም። በዚያ ሰሞን የቡና መፈልፈያዎቹ ሲነሡ ሰፈራችን መብራቱ ይሞታል፣ መልሶ ይነሣል፤ ኃይሉን የሚያረጋጋ ስታብላይዘር ብገዛም ትንሽ ብቻ ከፍ አድርጌ ተውኩት። ያቺ ትንሽ በቃችኝ። ሦስቱንም ሠርግ በቀጠሮዬ አስረከብኩ። አንደኛዋ ሙሽራ በዓመቱ እህቷን ይዛልኝ መጣች፤ ጅማ የሄደብኝ የለም።

እትዬ አስካለ አንድ ቀን ሊያዩት መጡ። ሠርጉን ከፈትኩላቸው፤ ሙሽሮቹን ትተው ጎንበስ ብለው ሳጥኑን ያያሉ። የሚሮጠው የቱ ጋ ነው አሉኝ። አይታይም አልኳቸው። «እና እዚያ አዲስ አበባ ምኑን ነው ቁጭ ብዬ ያየሁት?» ብለው ሳቁ፤ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ።

አሁን እኔም ጅማ ስወርድ ለሰው ዕቃ እይዛለሁ። ባለፈው ለአንዲት የቴፒ ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናዋን ሞተር ላመጣላት ተቀብዬ፣ ሱቁ ውስጥ ተገጥሞ ካልሰፋ አልነካውም ብዬ ቆምኩ። ሴትዮዋ ቸኩላለች፤ በስልክ ያላለችኝ ነገር አልነበረም። እግሬ ዝሏል፣ ሆዴ ባዶ ነው፣ ባለሱቁ ፊቱን አጥቁሯል። የማያውቁትን ሰው ለመጥቀም እየተወቀሱ መቆም ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው። እትዬ አስካለን በመናኸሪያው አመስግኛቸው ነበር፤ በገበያውም አመስግኛቸው ነበር። ስለ ምን እንዳመሰገንኳቸው ግን እዚያ ቆሜ ነው ያወቅኩት።