ኮሚክ ስትለኝ የሚያስቅ መስሎኝ

ዛሬ ልጄ ሳምሪ በጃንሆይ ፈንታ እንድናገር አደረገችኝ፤ ይኸው እስካሁን ዓይኔ አልደረቀም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሳምሪ ንጉሡ ስለተገደሉበት ታማኝ የክብር ዘበኛ ተከታታይ ኮሚክ ትሥላለች፣ እጇን ይባርከው! (እኔማ ኮሚክ ስትለኝ የሚያስቅ መስሎኝ ነበር።) እሷ ትሥላለች፣ እኔ አማርኛዋን አርማለሁ። ዘበኛው አምስት ክፍል ሙሉ ገዳዩን ሲያሳድድ «በለው!» እያልኩ ነበር።

ዛሬ በስድስተኛው፣ መቃብሩ ላይ ተንበርክኮ «ጃንሆይ ይማሩኝ፤ ተኝቼ ነበር። የምበቀለው ራሴን ነው» ይላል።

እርሳሱ እጄ ላይ ቀረ። ባለቤቴ እዚህ ደቡብ አፍሪካ፣ ዳቬይተን በሚባለው ሰፈር፣ ስፓዛ በሚሏት ትንሽ የሰፈር ሱቃችን ውስጥ በጠራራ ፀሐይ ሲገደል፣ ሳምሪ ከትምህርት ቤት መጥታ ጓዳ ተኝታ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ ነገሩን አንድም ቀን አንስታው አታውቅም።

«እማ፣ የጃንሆይን መልስ አንቺ ጻፊው» አለችኝ።

«እንኳን ተኛሽ፣ ልጄ» ብዬ ጻፍኩ።

«እማ ደግሞ! ዘበኛው ወንድ ነው እኮ፤ ‹ተኛህ› ነው የሚባለው።»

አላረምኩትም። ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች።

ይህን ስጽፍ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወስዷታል።

እናንተስ፣ ልጆቻችሁ በአፋቸው መናገር ያቃታቸውን በምን ነገሯችሁ? እስቲ አጫውቱኝ።