መርዶ በስልክ

የመጀመሪያው ሞባይላችን ጥሪ፣ ያ ጠረጴዛውን እያንቀጠቀጠ የሚጮኸው፣ ዛሬም አንዳንዴ ታክሲ ውስጥ ከሰው ኪስ ሲሰማ እማዬ ከፊቴ ድቅን ትላለች።

አባዬ ስልኩን የገዛው በክረምት ነበር፤ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገቱ ላይ ያለው ቤታችን ቆርቆሮ በዝናብ ሲደበደብ ስለማንደማመጥ፣ እማዬ ደብረ ብርሃን ካለው ታላቅ ወንድሟ ጋር ለማውራት ጋቢ ተከናንባ፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ትጮህ ነበር። ከሁላችን በላይ የምትወደው እሷ ነበረች።

በጥቅምት፣ ሰማዩ በጠራበት አንድ ጠዋት፣ ጸጉሬን ስትሠራኝ ስልኩ ጮኸ። የደብረ ብርሃኑ አጎቴ ልጅ ነበር፤ ድምፁ አጠገቧ ላለነው ሁሉ ይሰማ ነበር። አባቱ ማረፉንና ቀብሩ ለዘጠኝ ሰዓት መሆኑን ሲነግራት እጇ ጸጉሬ ላይ ቀጥ አለ፤ ከዚያ ድምፅዋን ሳትለውጥ፣ «አልሰማሁህም» ብላ ዘጋችው። አባዬ ደንግጦ፣ ቶሎ ካልተሳፈርን ቀብሩ እንደሚያመልጣት እየነገረ ቢለምናትም፣ እሷ ሹሩባዬን ቀጠለች።

«መርዶዬን ሰው መጥቶ ያርዳኝ» አለችው። «ስወድቅ ስልኩ ይይዘኛል?»

አባዬ ወጣና የእድሩን ዳኛና ሁለት ጎረቤት ሴቶች ይዞ ተመለሰ። ሴቶቹ ግራና ቀኟን ተቀመጡ፤ ዳኛው ስለ ሰው ልጅ እንግድነት ጥቂት ካወሩ በኋላ፣ «ወንድምሽ ዐርፏል፤ እግዜር ያጽናሽ» አሏት። እማዬ ያኔ ጮኸች፤ ደረቷን እየደቃች ስትወድቅም ሴቶቹ መሬት ሳትነካ ያዟት። ጎረቤቱ ሁሉ አብሮን ተሳፍሮ፣ ለቀብሩ ደረስን።

በጋ ላይ እድርተኛው ሲሰበሰብ፣ ጥሩምባ ነፊው ቀርቶ ሞት በሞባይል መልእክት ይነገር የሚል ሐሳብ ቀረበ። ብዙዎች ደገፉ። እማዬ ግን ተነሥታ፣ ለስብሰባም ለሠርግም በስልክ ቢጠሯት ደስ እንደሚላት፣ ሞትን ግን ከሰው አፍ ካልሆነ እንደማትቀበል ተናገረች። አንዱ ወጣት ኋላቀር አላት። «ልሁን» ብላ ተቀመጠች። መልእክቱ ተጨመረ እንጂ ጥሩምባው አልቀረም።

ዛሬ የምኖረው ኮንዶሚኒየም ነው። ሞት በስልኬ ከማስታወቂያና ከቀልድ መሃል ይመጣል፤ ሰዉ «ነፍስ ይማር» ጽፎ ያልፋል። እኔም ስልኬን እንደማንም እወዳለሁ፤ ለቅሶ ሲሆን ግን ነጠላዬን አዘቅዝቄ ደረጃውን እወጣለሁ። ልጆቼ ይስቁብኛል፤ ይሳቁ።

በቅርቡ አንዲት ጎረቤቴን ደረጃው ላይ ብቻዋን ተቀምጣ አገኘኋት። እናቷ ማረፏን በስልክ እንደሰማች ነገረችኝ፤ ዓይኗ ግን ደረቅ ነበር። አጠገቧ ተቀምጬ እጇን ያዝኩና፣ እንደ አዲስ፣ በአፌ ነገርኳት።

ያኔ አለቀሰች።