ግመሏን ማን ያስነሳት?

ኢስተሂል በሶማሌ ክልል፣ በሀርሺን ከተማ የግመል ወተት ሸጣ ልጆቿን ያሳደገች፣ ሳቅ የሚቀድማት ሴት ናት። በ2003 ዓ.ም. አንድ ጠዋት ግመሏ ገና ያልተመረቀው አስፋልት መሀል ሄዳ ተኛች። መኪናው ሁሉ ቆመ።

መንገዱን የሚያሠራው መሐንዲስ ጌታሁን ከአዲስ አበባ የመጣ ነበር። «መንገዱ የፌዴራል ነው፤ አሁኑኑ ትነሳ!» አለ።

የክልሉ የእንስሳት ባለሙያ ዐብዲረዛቅ ፊቱን አኮሳተረ። «እንስሳት የክልል ጉዳይ ናቸው። ያለ እኛ ፈቃድ ማን ይነካታል?»

ሁለቱ አንቀጽ ሲጠቃቀሱ ግመሏ አንገቷን ሰገግ አድርጋ የመሐንዲሱን ባርኔጣ ከራሱ ላይ አነሳችና ማኘክ ጀመረች።

«የፌዴራል ንብረት ነው!» ብሎ ጮኸ ጌታሁን።

«ነበር! አሁን የክልል ሆድ ውስጥ ገብቷል» አለው ዐብዲረዛቅ።

ኢስተሂል ሳቋ አላስቆም ብሏት አስፋልቱ ላይ ዘጭ አለች። «ወላሂ፣ እናንተ እስክትስማሙ ጫማችሁንም ትጨርሰዋለች!»

ከዚያ ተነስታ፣ ግመሎች ውሃ ሲጠጡ የሚዘፈነውን ዘፈን አንጎራጎረችላት። ግመሏ ወዲያው ብድግ ብላ ተከተለቻት፤ መንገዱም ተከፈተ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የሀርሺን ሰው ግመሏን «ፌዴራል» ይላታል። ዐብዲረዛቅ ግን ስሙን እስከ ዛሬ አልተቀበለውም።