የሁለት ሳምንት ዝምታ

ኢሜይሉ የደረሰኝ ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ ዲላ መብራት ጠፍቶ አድሮ ገና መምጣቱ ነበር። «ስታንዳርዱ ተጠናቆ ወጥቷል፤ ሁላችሁንም እናመሰግናለን» ይላል። ዘጠኝ ዓመት የለፋሁበት ነገር አለቀ። ሰው እንዲህ ያለ ቀን እልል ባይል እንኳ ፈገግ ይላል አይደል? እኔ ላፕቶፑን ከድኜ ክፍል ገባሁና አንድ ሰዓት ተኩል ስለ ኬብል አስተማርኩ። ተማሪዎቹ እንደ ወትሮው ቀልድ ጠብቀው ነበር መሰለኝ፤ አንድም አልመጣልኝም።

ለማያውቀው ልንገር። ስታንዳርድ ማለት የዓለም ኮምፒውተሮች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት የጋራ ደንብ ነው። የኛው ደንብ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታ መሣሪያዎች እንዴት ፋይል ይላላኩ የሚል ነው። የሚጽፈው አለቃ የሌለው ቡድን ነው፤ ከየአገሩ የተሰባሰብን፣ አብዛኞቻችን ተያይተን የማናውቅ ሰዎች በኢሜይል እየተከራከርን እንጽፋለን። ድምፅ አይሰጥም፣ እጅ አይወጣም። አንድ ሐሳብ ቀርቦ ሁለት ሳምንት ሙሉ የሚቃወም ከጠፋ ሁሉም ተስማምቷል ተብሎ ያልፋል። ይህን ሕግ እንደ አባታችን ሆይ በቃሌ አውቀዋለሁ።

በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ የኔ የምላት አንዲት አንቀጽ ነበረች። ምክንያቷ ባለቤቴ ናት። ነርስ ነች፤ ከቡሌ ወዲያ፣ ብርዱ አጥንት የሚሰብርበት ደጋ ላይ ትሠራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ቤት ትወርዳለች። ምጥ የጠናባት እናት ስትመጣ የሪፈር ወረቀቷን በስልክ አንሥታ አስቀድማ ወደ ሆስፒታል ትልካለች፤ ተልኮ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ኔትወርኩ ይሄዳል፤ ሲመለስ ከዜሮ ይጀምራል። ኔትወርክ የሚይዝበት የጤና ጣቢያው አጥር ሥር ቆማ፣ ስልኩን ወደ ላይ ይዛ፣ አራት አምስት ጊዜ ትልካለች። «እናንተ ምሁራን ይቺን ታህል ነገር አቃታችሁ?» አለችኝ አንድ ቅዳሜ። በዚያ ተነሥቼ ጻፍኩ፤ መስመሩ ሲመለስ መሣሪያው ካቆመበት ይቀጥል የምትል አንቀጽ። ማስረጃ አምጣ ሲሉኝ ክረምቱን ሙሉ በሞተር ደጋውን እየወጣሁ፣ ጭቃ ላይ እየወደቅሁ እየተነሣሁ፣ መስመሩ ስንቴ እንደሚቋረጥ መዘገብኩ። አንቀጿ ገባች። ባለቤቴ ለሥራ ባልደረቦቿ ሁሉ አወራች።

ቡድኑ ውስጥ አንድ አዛውንት አሉ። ገና ስገባ ጽሑፌን መስመር በመስመር ያረሙልኝ እሳቸው ናቸው፤ በሆዴ ጋሼ ነው የምላቸው። ሥራው ሊዘጋ ሲል ለሁላችንም ጻፉ፤ ይህቺ አንቀጽ ደንቡን አክብዳዋለችና ብናወጣትስ፣ የሚቃወም አለ ወይ አሉ።

ወናጎ ላይ ያሳደገኝ አባቴ አንድ ነገር አስተምሮኛል፤ ታላቅ ሲናገር አትቅደም፣ አንተስ ምን ትላለህ እስኪሉህ ጠብቅ። አንቀጿ የማን እንደሆነች ጋሼ ያውቃሉ፤ ስለዚህ ይጠሩኛል አልኩ። መልሴ ተጽፎ ተቀምጧል፤ ጥሪው ብቻ ነው የቀረው። ባለቤቴ ቅዳሜ መጥታ መለስክላቸው ወይ ስትለኝ ይጠይቁኛል፣ አታስቢ አልኳት። ዝም አይነቅዝም ብዬም ተረትኩባት፤ ጉድ እኮ ነው! በአሥራ አምስተኛው ቀን፣ ተቃዋሚ ስላልተገኘ አንቀጿ ወጥታለች የሚል ኢሜይል መጣ።

ያኔ ጻፍኩላቸው። መልሳቸው ደግ ነበር፤ የጎዳኝም ደግነቱ ነው። «እኔ እኮ ያንተን ተቃውሞ ስጠብቅ ነበር። ዝም ስትል ተስማማህ ብዬ ነው። አሁን ተዘግቷል።» ተናደድኩ ብል ደስ ባለኝ። አልተናደድኩም፤ ተንተርሰውት ያደሩት ክንድ ሲነኩት እንደማይሰማው ሆንኩ። ለባለቤቴ ቡድኑ አልቀበልም አለ ብዬ ነገርኳት። ለወራት እነሱን ስትረግም ቁጭ ብዬ አዳመጥኩ።

ስታንዳርዱ በወጣ ሳምንት ቅዳሜ፣ ደጅ ተቀምጣ የጫማዋን ጭቃ ስትፍቅ ማለቁን ነገርኳት። መጨረሻው ገጽ ላይ የምስጋና ዝርዝር አለ፤ ስሜም አለበት። በስልኬ ከፍቼ አሳየኋት። ጣቷን ስሜ ላይ አሳረፈች።

«ስምህን እንዲህ ጽፈው፣ አንቀጽህን ምን ብለው ነው የጣሉት?»

«አልጣሏትም» አልኳት። «የሚቃወም አለ ወይ ብለው ሁለት ሳምንት ጠበቁ። ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።»

ስልኩን መለሰችልኝና ጭቃውን መፋቅ ቀጠለች። እስከ እሑድ ማታ ስለዚህ ነገር አንዲት ቃል አልተናገረችም፤ እኔም አልጠየቅኋት። ሰኞ በጠዋት ወደ ቡሌ የሚወጣውን መኪና ያዘች።

ማክሰኞ ከሰዓት ደወልኩላት። አጥሩ ሥር ነኝ፣ የአንዲት እናት ወረቀት እየላክሁ ነው አለችኝ። ስንተኛሽ ነው አልኳት።

«አራተኛዬ» አለች፤ መስመሩ ተቋረጠ።